ኪስሜት፦ ሥጋ፣ ውኃና ውርስ ያካፈለ ቃል

ኦክቶበር 21 ቀን 1805 እ.ኤ.አ.፣ ከቀትር በኋላ። በደቡብ ስፔን፣ በኬፕ ትራፋልጋር አካባቢ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከፈረንሳይና ከስፔን ጥምር መርከቦች ጋር ገጥሟል። ቪክትሪ በተባለችው መርከብ ላይ ሆኖ ውጊያውን የሚመራው አድሚራል ሆራሺዮ ኔልሰን ሬዱታብል ከተሰኘችው የፈረንሳይ መርከብ ምሰሶ ላይ በተተኮሰ ጥይት ትከሻው ላይ ተመታ፤ ጥይቱም ዘልቆ አከርካሪው ላይ ደረሰ። ወደ መርከቧ ታችኛው ክፍል አውርደውት ሦስት ሰዓት ያህል ሲያጣጥር ቆየ። የድሉን ዜና ይዞለት የወረደውን ካፒቴን ቶማስ ሃርዲን እንዲስመው ለመነው። ሃርዲም ተንበርክኮ ጉንጩን ሳመው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህ ልመና አንዳንድ እንግሊዛውያንን ያሳፍራቸው ጀመር። የባሕር ጀግና በሞቱ ሰዓት «ኪስ ሚ፣ ሃርዲ»፣ ሳመኝ ሃርዲ፣ ይላል ብለው ማመን ከበዳቸው። ስለዚህ ሌላ ታሪክ ተፈጠረ፦ ኔልሰን ያለው «ኪስሜት፣ ሃርዲ» ነው፤ ዕጣ ፈንታ ነው ማለቱ ነበር፤ ሃርዲ ግን አልሰማውም የሚል። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ማስረጃው ግን አይደግፈውም። በሟቹ አጠገብ የነበሩት የመርከቧ ሐኪም ዊልያም ቢቲ፣ ቄሱ አሌክሳንደር ስኮትና የስንቅ ሹሙ ዋልተር በርክ ናቸው፤ ቢቲ በ1807 ባሳተመው መጽሐፍ የስመቱን ነገር በግልጽ አስፍሮታል። ከሁሉ በላይ «ኪስሜት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መታየት የጀመረው በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ፣ ማለትም ኔልሰን ከሞተ ከአንድ ትውልድ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ታሪኩ አንድ እውነት ይነግረናል። ከምሥራቅ የመጣው ቃል እንግሊዝ ውስጥ ከመላመዱ የተነሣ በታላቁ ጀግናቸው አፍ ሊያስገቡት አላፈሩም።

እንግሊዞች ቃሉን ሲወስዱ ግን ሙሉ አካሉን አልወሰዱትም። ይህ ምዕራፍ የሚከተለው የቀረውን ነው።

ቀስቶቹና ግመሉ

ቃሉ ዐረብኛ ነው። ሥረ ፊደላቱ ቀ፣ ሰ እና መ ሲሆኑ ግሡ አካፈለ፣ አደለ የሚል ትርጉም አለው። ከዚህ ሥር የወጡ ቃላት በዐረቦች የዕለት ኑሮ ሞልተዋል። «ቂስም» ክፍል ነው፤ የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል በዚህ ስም ይጠራል፤ በግብፅ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያው «ቂስም» ነው። «ተቅሲም» ማከፋፈል ሲሆን የዑድ ተጫዋች ያለ ምት፣ ከልቡ እያፈለቀ የሚጫወተው መግቢያም በዚሁ ስም ይታወቃል። በእኛም አገር የተለመደው «ቃሲም» የተሰኘ የወንድ ስም ትርጉሙ አካፋይ ነው። «ቂስማ» ደግሞ ክፍፍሉ ራሱ፣ ወይም በክፍፍሉ ለአንድ ሰው የደረሰው ድርሻ ነው።

የሚካፈለው ምን ነበር? ከጥንቶቹ መልሶች አንዱ ሥጋ ነው። ከእስልምና በፊት በነበረው የዐረብ ምድር «መይሲር» የሚባል ጨዋታ ነበር። ተጫዋቾቹ አንድ ግመል በዱቤ ገዝተው ያርዱና ሥጋውን ይመድባሉ፤ ከዚያም ዐሥር የቀስት ዘንጎች በከረጢት ውስጥ ይናጣሉ። ሰባቱ ዘንጎች ከአንድ እስከ ሰባት ድርሻ የሚያስገኝ ምልክት ተቆርጦባቸዋል፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶው የወጣለት ሥጋ አያገኝም፤ የግመሉን ዋጋ ግን ይከፍላል። ሰባት ድርሻ የሚያስገኘው ዘንግ «ሙዐላ» ይባል ነበር፤ ዛሬም ዐረቦች በአንድ ሥራ ትልቁን ድርሻ ያበረከተን ሰው «የሙዐላው ዘንግ የእርሱ ነው» ይሉታል። ባለዕድሎቹ ሥጋውን ለድሆች መስጠታቸው የክብር ምልክት ስለነበር በድርቅና በብርድ ወራት ጨዋታው የተራበ ሰው ማብያ ነበር።

ቀስቱ ከሥጋ ያለፈም ሥራ ነበረው። በመካ፣ ሁበል በተባለው ጣዖት ፊት ሰባት ቀስቶች ይቀመጡ እንደነበር ኢብን አል ከልቢ ስለ ጣዖታት በጻፈው መጽሐፍ ይተርካል። የልጅ አባትነት ሲያጠራጥር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጉዞ ወይም ስለ ሞተ ሰው ሲጠየቅ ቀስት ይወጣ ነበር። ኢብን ኢስሐቅ በጻፈው የነቢዩ ሙሐመድ የሕይወት ታሪክ ውስጥ አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ከልጆቻቸው አንዱን ለመሥዋዕት ተስለው ዕጣው በዐብደላ ላይ እንደወጣ ተጽፏል። በልጁና በዐሥር ግመሎች መካከል ቀስት ሲጣል በልጁ ላይ ወጣ፤ ግመሎቹ በዐሥር በዐሥር እየተጨመሩ መቶ ሲሞሉ ዕጣው በግመሎቹ ላይ ወደቀ፤ ዐብደላም ተረፈ። እኒህ ዐብደላ የነቢዩ አባት ናቸው።

ይህን ዓይነቱን በቀስት ዕጣ ማውጣት ዐረብኛው «ኢስቲቅሳም» ይለዋል፤ ሥሩ ያው ቀ-ሰ-መ ነው። ሥሩ በሌሎቹ የሴም ቋንቋዎችም ይገኛል። በዕብራይስጥ «ቄሴም» ምዋርት ነው፤ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 21 የባቢሎን ንጉሥ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ፍላጾችን ሲያወዛውዝ የተጠቀሰው በዚህ ቃል ነው። በግእዝም «አስተቃሰመ» አሟረተ ማለት ነው። ድርሻ ማውጣትና ስውሩን ነገር መጠየቅ በአንድ ሥር ላይ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው።

ቁርኣን መይሲርንም በቀስት ዕጣ ማውጣትንም ከልክሏል። «ቂስማ» የሚለው ቃል ግን በመጽሐፉ ሦስት ጊዜ ይገኛል፤ ሦስቱም ጊዜ የሚናገረው ስለ ክፍፍል ነው። በአራተኛው ምዕራፍ የውርስ ክፍፍል ነው፤ በስፍራው የተገኙ ዘመዶች፣ የቲሞችና ድሆች ከውርሱ እንዲቀምሱ የሚያዝዝ። በ53ኛው አድሏዊ የሆነ ክፍፍል ነው። በ54ኛው ደግሞ በሰሙድ ሕዝብና በነቢዩ ሷሊሕ ግመል መካከል በተራ የሚከፈል ውኃ ነው። የፈጣሪ ውሳኔ በእስልምና ሥነ መለኮት የራሱ ስያሜ አለው፤ «ቀዳ» እና «ቀደር» ይባላል። የኢትዮጵያ ሙስሊሞችም በአማርኛ ሲነጋገሩ «የአላህ ቀደር ነው» የሚሉት ከዚሁ በመነሣት ነው። ቂስማ ግን የቤትና የገበያ ቃል ሆኖ ቆየ።

ከፍርድ ቤት መዝገብ እስከ ማንኪያ

ቃሉ ወደ ፋርስ ሲሻገር የመጨረሻዋ ድምፅ «ት» ሆና «ቂስመት» ተባለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሺራዙ ባለቅኔ ሀፊዝ ሲጠቀምበት ክፍፍሉ የሥጋም የርስትም መሆኑ ቀርቶ ዓለም ሳይፈጠር የተመደበ የሰው ድርሻ ሆኗል። ከፋርስኛ የሥነ ጽሑፍ ዓለም ጋር የተቀራረበው ኦቶማን ቱርክኛም ቃሉን ተቀበለ፤ «ክስሜት» አለው።

በኦቶማን ግዛት ክስሜት በአንድ ጊዜ በሁለት ቤት ይኖር ነበር። አንደኛው ፍርድ ቤት ነው። ሰው ሲሞት ንብረቱን ቆጥሮ ለወራሾች የሚያካፍል «ካሳም» የሚባል ሹም ነበረ፤ ለዚህ ሥራ የሚከፈለውም ክፍያ «ረስሚ ክስሜት»፣ የክፍፍል ቀረጥ ይባል ነበር። ሁለተኛው ተራው መኖሪያ ቤት ነው። እዚያ ክስሜት ለሰው የሚደርሰው ነገር ሁሉ ነው፤ እንጀራም፣ ገበያም፣ ልጅም። ለአንዲት ልጃገረድ ጠያቂ ሲመጣ «ክስሜቷ ወጣ» ይባላል፤ ካልመጣ «ክስሜቷ ተዘግቷል» ይባላል። የቱርክ ተረት ደግሞ በክስሜትህ ያለው በማንኪያህ ይወጣል ይላል። ሰዎች ከበው የሚበሉት አንድ ሳህን እስካለ ድረስ ይህ አባባል አያረጅም።

ዛሬ ኢስታንቡልን የጎበኘ ሰው ይህን ሥር ሳያውቀው ይረግጠዋል። በከተማዋ መሐል ያለው ታክሲም አደባባይ ስሙን ያገኘው ከውኃ ማከፋፈያ ነው። ሱልጣን ቀዳማዊ ማሕሙድ ከከተማዋ ሰሜን የሚመጣውን ውኃ ለየሰፈሩ የሚያከፋፍል ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ቤት በ1732 አሠራ። ቤቱ አሁንም በአደባባዩ ዳር ቆሟል።

እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነውን?

አውሮፓውያን ቃሉን ከመዋሳቸው በፊት ስለ ሐሳቡ ፍርድ ሰጥተው ነበር። ጀርመናዊው ፈላስፋ ጎትፍሪድ ላይብኒትዝ በ1710 ባሳተመው «ቴዎዲሴ» መግቢያ ላይ «የመሐመዳውያን ዕጣ» የሚል ስም አወጣ፤ ቱርኮች ከአደጋ፣ ወረርሽኝ ካለበት ስፍራ እንኳ አይሸሹም የሚባለውን አንሥቶ። ከዚያ በኋላ የተጻፉ ብዙ የጉዞ መጻሕፍት ይህን ሥዕል ደጋገሙት፤ ምሥራቃዊው ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ «ኪስሜት» እያለ የሚመጣውን ይጠብቃል አሉ።

ስለ ወረርሽኝ ግን የሙስሊሞች የራሳቸው ታሪክ ሌላ ነገር ይዟል። በ638 እና በ639 በፍልስጥኤም ከምትገኘው ዐምዋስ ተነሥቶ ሶርያን ያጠቃ ቸነፈር ነበር። ኸሊፋ ዑመር ወደዚያ ሲያመሩ ሰርግ በተባለ ስፍራ ወሬውን ሰሙና ከአማካሪዎቻቸው ጋር ተነጋግረው ለመመለስ ወሰኑ። የጦር አዛዡ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ብለው ሞገቷቸው። ዑመርም ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ ነገሯቸው፤ አንድ እረኛ ልምላሜና ጠፍ ያለው ሸለቆ ቢያጋጥመውና ግመሎቹን በለምለሙ ቢያሰማራ ያም በውሳኔው መሆኑን አስረዷቸው። ዑመር ወደ መዲና ተመለሱ፤ አቡ ዑበይዳ በቸነፈሩ ሞቱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ የተመደበ ቢሆንም መምረጥና መንቀሳቀስ የሰው ሥራ ነው።

ቃሉን የሚናገሩትም ሰዎች እንዲሁ ነው የኖሩበት። ቱርካዊው መርከበኛ ሳዱን ቦሮ በ1965 ከኢስታንቡል ተነሥቶ ከባለቤቱ ከኦዳ ጋር በሸራ ጀልባ ዓለምን ዞረና በ1968 ተመለሰ፤ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ቱርካዊ ነው። የጀልባዋ ስም ክስሜት ነበር። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጉዞ ስንቅ መቋጠርን፣ ነፋስ መጠበቅንና ሸራ መጠገንን ይጠይቃል፤ የጀልባዋን ስም ያወጣው ሰው በዚህ ውስጥ ምንም ተቃርኖ አላየም። ጀልባዋ ዛሬ በኢስታንቡል ራህሚ ኮች ሙዚየም ትገኛለች።

በለንደንና በኒው ዮርክ ቃሉ የተቀመጠው መድረክ ላይ ነው። ኤድዋርድ ኖብሎክ የደረሰው «ኪስሜት» የተሰኘ ተውኔት በ1911 በለንደን ታየ። ታሪኩ በባግዳድ ያለ ለማኝ ከንጋት እስከ ምሽት በአንድ ቀን ውስጥ የሚወድቅበትና የሚነሣበት ነው። በ1953 ከሩሲያዊው አሌክሳንደር ቦሮዲን ዜማዎች በተሠራ ሙዚቃ ታጅቦ ብሮድዌይ ላይ ወጣ፤ በ1954 የቶኒ ሽልማትን አገኘ፤ በ1955 ፊልም ሆነ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ኪስሜት ሲል በዓይነ ኅሊናው የሚያየው በአብዛኛው ይህን የመድረክ ባግዳድ ነው፤ ኮከብ፣ ድንገተኛ መገናኘትና ፍቅር። አካፋዩም፣ አብሮ የሚካፈለውም ሰው ከሥዕሉ ወጥተዋል።

ያው ቃል፣ ሌላ ዕድል

ወደ ሌሎች አገሮች የሄደው ቃል ሌላ መንገድ ያዘ። ቡልጋሪያ ለ500 ዓመታት ገደማ በኦቶማኖች ሥር ስትኖር «ካስሜት»ን ወሰደች፤ ትርጉሙ ግን መልካም ዕድል ብቻ ሆነ። «ካስሜትሊያ» ዕድለኛ ሰው ነው። በዘመን መለወጫ ምሽት ቡልጋሪያውያን ባኒጻ የሚባል በአይብ የተሞላ ድፍን ኬክ ይጋግራሉ፤ በውስጡም «ካስሜት» የሚባሉ ትናንሽ ወረቀቶች ወይም ቡቃያ ያላቸው ጭራሮዎች ይሸሽጋሉ። ኬኩ ተቆርሶ ለቤተሰቡ ሲታደል እያንዳንዱ በቁራሹ ውስጥ ለሚመጣው ዓመት የተመኙለትን ያገኛል፦ ጤና፣ ጉዞ፣ ትዳር፣ ገንዘብ። ቃሉ በዐረብ በረሃ ከነበረው የምግብ ክፍፍል ጋር ሳያስበው እንደገና ተገናኝቷል።

በሕንድ ቂስመት በኡርዱም በሂንዲም የዕለት ቃል ነው። በ1943 ጊያን ሙከርጂ ያዘጋጀው፣ አሾክ ኩማር የተወነበት «ቂስመት» የተሰኘ ፊልም በካልካታ ሮክሲ ሲኒማ ከሦስት ዓመት በላይ ሳይወርድ ታይቷል። ከአራት ዓመት በኋላ አገሪቱ ሕንድና ፓኪስታን ተብላ ስትከፈል ኡርዱ ተናጋሪዎች ለዚያ መከፈል የሰጡት ስም «ተቅሲም» ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ በተሰደደበት በዚያ ዘመን የአገር ክፍፍልና የሰው ዕጣ በአንድ ሥር ቃል ተጠሩ።

ቅርጫና ጽዋ

አማርኛ ኪስሜትን አልተዋሰም፤ ቢዋስም አዲስ ነገር ባላስተማረው ነበር። «ዕድል» ከማደል የወጣ ነው፤ እህል ሲታደል፣ ጠበል ጸዲቅ ሲታደል እንደምንለው። ታደለና ታደለች ብሎ ልጁን የሚሰይም ወላጅ ከላይ የሆነ አዳይ እንዳለ እየተናገረ ነው። «ክፍሌ» የሚለው ስም ድርሻዬ ነው ማለት ነው። «ዕጣ» የግእዙ «ዕፃ» ሲሆን ከ«ዕፅ»፣ ከእንጨት ጋር ይዛመዳል፤ እንደ ዐረቦቹ ቀስት ሁሉ ዕጣ በእንጨት ይወጣ ነበርና። «ፈንታ»ም ድርሻ ነው።

ከቃሉ ይልቅ ግን ልማዱ ይበልጥ ይቀራረባል። ለፋሲካ ወይም ለገና ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ይታረድና ሥጋው በቅጠል ላይ በየመደቡ ይቀመጣል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ተካፋዮቹ ቅጠል፣ ቁልፍ ወይም ጭራሮ ምልክታቸውን ይሰጣሉ፤ የማን የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ አንዳንዱን ያኖረዋል። ቅርጫው መደቦቹን በተቻለ መጠን እኩል ለማድረግ ስለሚደክም ከመይሲር ይለያል፤ መይሲር ሆን ብሎ አበላላጭ ነበርና። አንድ የሚያደርጋቸው ድርሻ የሚባለው ነገር ያለ ሌሎች ሰዎች የማይታሰብ መሆኑ ነው። «ጽዋ ተርታዬ ነው» የሚለው አነጋገርም ከጽዋ ማኅበር የመጣ ነው፤ ጽዋው በየተራ በየቤቱ ስለሚዞር መከራም እንደ ድግሱ ተራው ሲደርስ ይመጣል።

ብዙ ሕዝቦች በየራሳቸው መንገድ እዚሁ ደርሰዋል። የጥንቶቹ ግሪኮች የዕጣ አማልክታቸውን «ሞይራይ» ያሏቸው «ሞይራ» ድርሻ ስለሆነ ነው። የሕንዱ «ባግያ» ከድርሻ፣ የፋርሱ «በኽት» ከተመደበ ነገር የወጡ ናቸው። በሩሲያኛ ደስታ «ስቻስትዬ» ይባላል፤ በውስጡ ያለው «ቻስት» ክፍል ማለት ነው። ላቲኖቹ ግን በሌላ በኩል ሄደው «ፋቱም»ን የተነገረ ነገር አድርገው አሰቡት፤ የእንግሊዝኛውም «ፌት» ከዚያ የወረደ ነው። ከላይ የተነገረ ቃል አንድ ሰው ብቻውን ሊቀበለው ይችላል፤ ድርሻ ግን ሌላውን ተካፋይ ይዞ ይመጣል።

በካይሮ፣ በቤይሩት፣ በጅዳ ዛሬ ቃሉ ብቻውን አይነገርም፤ «ቂስማ ወነሲብ» ይባላል። «ነሲብ»ም ድርሻ ነው፤ አማርኛችን በግምት የተደረገን ነገር «በነሲብ» ሲል ከዚህ ቃል ጋር በድምፅም በሐሳብም ይቀራረባል። በነዚህ ከተሞች በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ ኢትዮጵያውያት ይህን አነጋገር ደጋግመው የሚሰሙት ጋብቻ ሲነሣ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተነጋግረው፣ ቀለበት ታስሮ፣ ነገሩ ሲፈርስ ሁለቱ ቤተሰቦች ምክንያቱን ለጎረቤት አይዘረዝሩም። የልጁ ደመወዝ ማነሱም፣ የልጅቷ ሐሳብ መለወጡም፣ የእናቶቹ አለመስማማትም ይታወቃል። «ቂስማ ወነሲብ» ይሉና ቀለበቱን ይመልሳሉ። የሚሉትም ድርሻው በሌላ ቤት ነው ማለት ነው፤ በእኛ ቢሆን «ዕጣ ክፍላቸው አይደለም» እንደሚባለው። ማንም ጥፋተኛ ሳይባል ነገሩ ይዘጋል፤ ሁለቱ አባቶች በሚቀጥለው ጁምዓ መስጊድ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ልጆቹም ሌላ ጠያቂና ሌላ ተጠያቂ ይፈለግላቸዋል።